እማዬ ያንኳኳችው መልስ

ይድረስ ከእናት ለማልለይሽ፣ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእታለም፤

ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ደረጃ ስትወጪ የሚያስቃስትሽ ጉልበትሽስ? ባለቤትሽ ጋሼስ እንዴት ናቸው? የስፌት መኪናቸው አሁንም እንደ አሮጊት ይነጫነጫል ወይስ አሠሩት? የኔዋ ሚጣስ? እበላለሁ አልበላም እያለች ታስቸግርሽ ይሆን? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። በልቤም ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ ግን ቤታችን ውስጥ አንድ ተጨማሪ ውሸታም መጨመሬ ነውና አልጽፈውም። የእማዬን ጤና እስካሁን ያልጠየቅሁሽ ረስቼ አይደለም። ይህ ሁሉ ወረቀት የተዘጋጀው ለእሱ ነው።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ እዚህ የምትሠራው ያገራችን ልጅ ነርሷ ናት፤ ሐሙስ ለዕረፍት ትመጣለች። በስልክ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት እንዳትዪኝ። በስልክ አንቺ «አይዞሽ» ትያለሽ፣ እኔ «እሺ» እላለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም እናለቅስና ምንም ሳንባባል እንዘጋለን። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን። ብቻሽን ሆነሽ፣ በሩን ዘግተሽ አንብቢው። ከመካከሉ እስካሁን የማታውቂው ነገር አለ።

ነገሩን እኔ ባለሁበት ቆመሽ እንድታዪው ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ትምህርት ቤታችን ባለ አራት ፎቅ ነው። እኔ ሦስተኛው ላይ ለአሥራ አራት ዓመት ልጆች ሒሳብ አስተምራለሁ። መግቢያው በር አጠገብ ትናንሽ ክፍሎች ያሉት የእንጨት ሣጥን አለ፤ እያንዳንዱ መምህር ስልኩን እዚያ አስቀምጦ ነው ወደ ክፍል የሚወጣው። ልጆቹ ስልክ ተከልክለው መምህሩ ይዞ መታየት የለበትም ይላሉ። ደህና ሕግ ነው፤ አገር ቤት ብሆን አጨበጭብለት ነበር። ግን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ እናቴ ብትታመም፣ ልጄ ብትወድቅ፣ ቤቱ ቢቃጠል የማውቅበት መንገድ የለኝም ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ አልከበደኝም። በሰው ቋንቋ ማስተማር ራሱ ትንፋሽ አይሰጥም። አንድ ቀን «ክፍልፋይ» ያልኩ መስሎኝ በእነሱ አነጋገር «የዶሮ ጭን» ብዬ ክፍሉ በሳቅ ሊፈነዳ ደረሰ። እስከ ዛሬ ከኋላዬ የምጠራበት ስሜ እሱ ነው። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም። እኔም ለምጄው፣ ኮሪደር ላይ «የዶሮ ጭን መጣች» ሲባል ቀና ብዬ አልፋለሁ።

ነገር የተበላሸው ከመጋቢት መጨረሻ ወዲህ ነው። ስደውል እማዬ የለችም። አንድ ቀን ተኝታለች፤ በማግስቱ ጎረቤት ሄዳለች፤ ሌላ ቀን ገላዋን እየታጠበች ነው። እኔ የቁጥር ሰው ነኝ፣ እታለሜ፤ ሳላስበው እቆጥራለሁ። በአምስት ሳምንት ውስጥ እማዬ ዘጠኝ ጊዜ ገላዋን ታጥባለች። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በፈረቃ በሚመጣበት ቤት! ስቆጥረው ሳቄ መጣ። ግን ደግሜ ቆጠርኩት።

በምስል እንነጋገር ስልሽ ካሜራው ተበላሽቷል አልሽኝ። ሚጣን አገናኚኝ ስልሽ፣ ያቺ አፏ የማያርፍ ልጅ ስልኩን ይዛ ትተነፍሳለች እንጂ አታወራም። «አያትሽስ የት አለች?» ስላት «እማ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ትለኛለች። የስድስት ዓመት ልጅ ጥያቄን በጥያቄ ስትመልስ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ መልሱን እያወቀ የሚደብቅ ልጅ እንዴት እንደሚተነፍስ አውቃለሁ።

ከዚያ ትንሹ ወንድማችን፣ ያ ተንኮለኛ ሹፌር፣ የእማዬን ድምፅ ቀድቶ ላከልኝ። «እንደምን ዋልሽ ልጄ፣ እኛ ደህና ነን፣ ስለኛ አታስቢ» ትላለች። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ እያለቀስኩ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። በአራተኛው ግን ከኋላዋ ሚጣ «ጥርሴ ወለቀ! ጥርሴ ወለቀ!» እያለች ስትጮህ ሰማሁ። እታለሜ፣ ያቺ ጥርስ የወለቀችው በየካቲት ነው። በቦታዋ አዲሷ ስትወጣ ፎቶዋን ራስሽ ልከሽልኛል። ድምፁ የድሮ ነው። የድሮ ድምፅ ደግሞ የሚላከው አዲስ ድምፅ ሲጠፋ ነው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እማዬ ሞታለች ብዬ ደመደምኩ። እኛ ቤት መጥፎ ወሬ እንዴት እንደሚያዝ አጥቼው አይደለም። አጎታችን ያረፉ ጊዜ ወንድማችን ሥልጠናውን እስኪጨርስ ብለን ሦስት ወር ሙሉ ደብቀነዋል። እኔ ራሴ በስልክ «አጎትህ ሰላም ብለውሃል» ብዬዋለሁ። ከተቀበሩ ሁለት ወር ካለፋቸው በኋላ! ያን ጊዜ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ተራው ለኔ ሲደርስ ግን ምን ያህል ጭካኔ እንደሆነ ገባኝ።

ፍርሃቴን እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? እህል አልወርድ አለኝ። አውቶቡስ ላይ ሰው በኛ ቋንቋ የተናገረ እየመሰለኝ እዞራለሁ። ስልኬ ሲጠራ ማን እንደሆነ ሳላይ ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ፤ ሳይጠራ ሲቀር ደግሞ ይብሳል። ደውዬ በግልጽ እንዳልጠይቅሽ፣ «አዎ» ብትዪኝስ? እስካልጠየቅሁ ድረስ እማዬ ግማሽ ትኖራለች ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ቀመር ስጽፍ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህርት፣ ሦስተኛው መስመር ላይ የመቀነስ ምልክቱን ረስተሽዋል» አለችኝ። ላርመው ስል ጠመኔው ተሰበረ። ሌላ አነሳሁ፤ እሱም ተሰበረ። ልጅቷ ቀስ ብላ መጥታ ከእጄ ወሰደችና ምልክቱን ራሷ ጽፋ ተመልሳ ተቀመጠች። ክፍሉ ውስጥ አንድም የሳቀ አልነበረም። «የዶሮ ጭን» ያለም የለም። ያ ዝምታቸው ይበልጥ አስፈራኝ፤ ለካ ፊቴ ላይ ይነበባል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው፣ ባለፈው እሑድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። በቀዳዳው ሳይ ነርሷ ናት፤ እሑድ እረፍት ኖሯት የማታውቀው ነርስ። ጥቁር ሹራብ ለብሳለች። ከጎኗ እዚህ ጋራዥ የሚሠሩት ያገራችን ሽማግሌ፣ ቆባቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። እታለሜ፣ ሰው ቆቡን አውልቆ በማለዳ የሰው በር ላይ የሚቆመው ለምንድን ነው? ቁልፉን ሁለት ጊዜ ቆለፍኩትና ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ነርሷ «ክፈቺ የኔ እህት፣ እኔ ነኝ» አለች። አልከፍትም አልኳት። «ኧረ ክፈቺ፣ ቀላል ነገር ነው» አለች። «ቀላል ነገር ከሆነ ለምን ሁለት ሆናችሁ መጣችሁ?» አልኳት። ሽማግሌው በተራቸው «ልጄ፣ እናትሽ በሕይወት አሉ» አሉ። እኔ ደግሞ «በሕይወት አሉ የሚባለው ለታመመ ሰው ነው፤ ለደህና ሰው ማን እንዲህ ይላል?» ብዬ ጮህኩ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ወለሉን መታብኝ። በመጨረሻ ነርሷ አፏን ቁልፉ ቀዳዳ ላይ አድርጋ «በልጄ ሞት፣ አልሞቱም። ወድቀው ምላሳቸው ተያዘ እንጂ አልሞቱም» አለችኝ። ባለ አንድ ልጅ ናት፤ በልጇ በሐሰት አትምልም። ያኔ ከፈትኩ።

ሁሉንም ነገረችኝ። መጋቢት መጨረሻ ላይ እማዬ ከጓዳ ስትወጣ እንደወደቀች፣ ቀኝ ጎኗ እንደከዳት፣ ከዚያን ቀን ወዲህ አንዲት ቃል ከአፏ እንዳልወጣ፣ አንቺም ቅዳሜ ደውለሽ «እኔ አቅቶኛል፣ አንቺ ንገሪልኝ» ብለሽ እንዳለቀስሽባት። ሽማግሌው ያለ ነገር አልመጡም ለካ፤ ብወድቅ እንዲያነሱኝ ነው። አልወደቅሁም። ለሳምንታት ቀብሬያት የነበረችው እናቴ ከመቃብር ወጣችልኝ፤ ግን ግማሽ ጎኗንና ድምፅዋን እዚያው ትታ። ደስ ይበለኝ ወይ ልዘን አላወቅሁም። ሽማግሌውን «ቆብዎን ያድርጉ፣ በፈጠረዎት» ብቻ ነው ያልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ስደውልልሽ የሆነውን አንቺም ታስታውሺዋለሽ። ካሜራው በአንድ ጊዜ ዳነ። እማዬ ግን ስታየኝ ሻርፗን ፊቷ ላይ ስባ ወደ ግድግዳው ዞረች። አፏ መጣመሙን እንዳላይባት ነው። «ግድ የለም፣ ምስሉን አጥፊው። ስልኩን ትራሷ አጠገብ አስቀምጪና አንቺ ውጪልን» አልኩሽ። «እሺ ወጣሁ» አልሽ፤ በሩ ሲዘጋም ሰማሁ። ግን አትቀየሚኝ፣ በር ከውስጥም ይዘጋል። ሰባት ሳምንት የዋሸችኝ እህቴ ወጥታ ይሁን ቆማ ይሁን በምን አውቃለሁ?

ከዚህ በኋላ ያለውን አንቺ አታውቂውም፤ እማዬም ልትነግርሽ አትችልም። ስለዚህ እኔ ልንገርሽ።

«እማዬ፣ ከሰማሽኝ በደህናው እጅሽ የአልጋውን ብረት አንዴ አንኳኪ። አይደለም ለማለት ሁለቴ» አልኳት። ከዚያ ቀለበቷ ብረቱን ሲነካ ሰማሁ፤ አንዴ። «ያምሻል ወይ?» አልኳት። ሁለቴ። «ሚጣ ደህና ናት?» አንዴ። «እየበላሽ ነው?» አንዴ። ሁሉም ጥሩ ጥሩ መልስ፣ ሁሉም አንቺ የምትመልሺልኝ ዓይነት። ይህች እማዬ ናት ወይስ እታለም ቆማ በጣቷ የምታንኳኳልኝ? ምናልባት እማዬ ጭራሽ አትሰማም፤ ምናልባት ራሷንም አታውቅም፤ እኔ በማንኳኳት እየተታለልኩ ይሆን?

አንቺ የማታውቂውን ነገር መጠየቅ ነበረብኝ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው ያለኝ።

እታለሜ፣ ይቅር በዪኝ። እዚህ ለመምጣት የሚያበቃውን የመምህራን ፈተና በአንዴ አለፍኩ ብዬ ለሁላችሁም ነግሬያችሁ ነበር። አንቺም ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተሽ «እህቴ በአንዴ» እያልሽ አወራሽ። ውሸት ነው። ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ። ያን ዓመት ሁሉ ዓይን ሐኪም ቀጠሮ አለኝ እያልኩ በማለዳ የምወጣው ለፈተናው ነበር። ዓይኔ ምንም የለበትም። እማዬ ብቻ ታውቅ ነበር፤ ያንን የዓይን ሐኪም የፈጠረችውም እሷ ናት። አንቺ ደግሞ ከልብሽ አምነሽ፣ ምስር ልልቀም ስል «ዓይንሽን አታድክሚ» እያልሽ ሰፌዱን ከእጄ ትቀሚ ነበር። እኔና እማዬ ጓዳ ገብተን አፋችንን በእጃችን ይዘን የሳቅነውን ሳቅ ብታውቂ! አፈርኩ ግን። የሚጣ አባት ጥሎን ከሄደ ወዲህ እሷን የማሳድግበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ መውደቄን ለሰው መንገር ደግሞ መውደቄን የሚያጸናው ይመስለኝ ነበር።

እናም እማዬን «ፈተናውን ያለፍኩት በስንተኛው ነው? ቁጥሩን አንኳኪልኝ» አልኳት።

አንዴ አንኳኳች። ከዚያ ዝም።

አንዴ ያንቺ መልስ ነው። እናቴ የለችም፣ እህቴ ናት እዚያ ያለችው፣ አሁንም እያታለሉኝ ነው አልኩ። ስልኩን ልዘጋው ጣቴን ሳነሳ ሁለተኛው ተሰማ። ቀስ ብሎ። ከዚያ ትንፋሽ፣ ከባድ ሥራ እንደሚሠራ ሰው ትንፋሽ። ሦስተኛው። ከዚያ ረጅም፣ ረጅም ዝምታ፤ ከታች መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍ ሰማሁ። ከዚያ አራተኛው። ጠንከር ያለ ነበር፤ እማዬ ነገር ስትጨርስ ጠረጴዛ እንደምትመታው ዓይነት።

መሬቱ ላይ ተንበርክኬ «እማ፣ አንቺ ነሽ» አልኩ። አንዴ አንኳኳች።

ትንሽ አልቅሼ ስጨርስ ዋናውን ጠየቅኋት። «ልምጣ ወይ?» አልኳት። ሁለቴ፣ በፍጥነት፣ ሳታስብ። «ሥራዬን ልቀጥል?» አንዴ። «አትፈሪም?» አልኳት፤ አንዴ አንኳኳች፤ አልፈራም ማለቷ ነው። የምተነፍሰውን ትሰማለች፣ የምትተነፍሰውን እሰማለሁ። በመጨረሻ «እማዬ፣ እየዋሸሽኝ ነው?» አልኳት።

ብዙ ቆየች። እጇ የዛለባት መሰለኝ። ከዚያ ቀለበቷ ብረቱን ነካው። አንዴ።

ስትገቢ ሻርፗ ለምን እንደረጠበ ጠይቀሽኝ ነበር፤ እኔም ውሃ ፈሶባት ይሆናል አልኩሽ። አሁን ለምን እንደሆነ አወቅሽ።

ሰኞ ጠዋት ስልኬን ሣጥኑ ውስጥ ሳላስቀምጥ በቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ገባሁ። ጥብቅ ሴት ናት፤ ፈገግ ስትል ያየ መምህር የለም። ነገሩን ስነግራት መነጽሯን አስተካክላ «ስንት ቀን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «ቅጹ ላይ ‹አላውቅም› የሚል ቦታ የለም» አለችና ራሷ ብዕር አንስታ ሃያ አንድ ብላ ሞላችው። ከዚያ ፈተና የማርምለትን ክፍል ለማን እንደምትሰጥ ማስታወሻ መያዝ ጀመረች፤ ውጪ አላለችኝም፣ ግን ማልቀሴን እንዳላየች ሆና ጻፈች። የመመለሻ ፈቃዱ ወረቀት አሥራ ሁለት ቀን ይፈጃል አሉ። ያለ እሱ ከወጣሁ ደግመው አያስገቡኝም፤ ያለዚህ ሥራ ደግሞ የእማዬ መድኃኒትም የሚጣ ትምህርትም ከየት ይመጣል? ስለዚህ አሥራ ሁለቱን ቀን እጠብቃለሁ። ከሃያ አንዱ ቀን በኋላ እመለሳለሁ ወይስ እቀራለሁ፣ እሱን እማዬን ካየሁ በኋላ ነው የማስበው።

እነዚህን አሥራ ሁለት ቀኖች ግን እፈራቸዋለሁ፣ እታለሜ። ከሰባቱ ሳምንት ይልቅ ይበልጥ እፈራቸዋለሁ። ያን ጊዜ አንዴ ቀብሬያት ነበር፤ አሁን ደግሞ ማጣት የምችላት እናት አለችኝ። አውሮፕላን ላይ ሳለሁ ብትሄድስ? ደርሼ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቦ ባገኝስ? እንዲህ እያልኩ ነው የማስተምረው፤ ዛሬ ስለ ማዕዘን አስተምሬ ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ ብለሽ ቁጠሪው፦ ስደውል እውነቱን ንገሪኝ። ብሶባት ከሆነ ብሶባታል በዪ። ተኝታ ካልሆነ ተኝታለች አትበዪ። ለኔ ብለሽ እንደዋሸሽ አውቃለሁ፤ ሰባት ሳምንት ሙሉ እሷን እያገላበጥሽ፣ እያጎረስሽ፣ ልጄንም እያስተኛሽ፣ በዚያ ላይ ስልክ አንስተሽ በደህና ሰው ድምፅ ማውራት ምን ያህል እንደከበደሽ አሁን ገብቶኛል። ወገብሽን የጠየቅሁሽ ለወግ አይደለም። ከእንግዲህ ግን ብቻሽን አትሸከሚው። ፍርሃቱን እኩል እንካፈለው።

ለእማዬ፣ እጇን ይዘሽ፣ እየመጣሁ መሆኔን ንገሪልኝ። ሁለቴ ብታንኳኳ አትስሚያት። ለጋሼ፣ አንቺ ሆስፒታል ስታድሪ ሱቃቸውን ዘግተው ሚጣን ስለጠበቁልኝ እግራቸውን እስማለሁ በዪልኝ። ለወንድማችን፣ ድምፅ ሲሰርቅ ቀኑንም አብሮ መስረቅ እንዳለበት ንገሪው፤ ግን ደግሞ እማዬን ተሸክሞ ወደ መኪናው ያስገባት እሱ እንደሆነ ሰምቻለሁና ጉንጩን ሳሚልኝ። ለጎረቤታችን ለጡረተኛዋ መምህርት፣ ገንፎውን እያመላለሱ ስላበሉልን ፈጣሪ ዕድሜ ይስጥልኝ። ለሚጣዬ፣ ምስጢር በሆዷ እንድትይዝ መገደዷ ቀርቷል፤ ከዛሬ ጀምሮ ያየችውን ሁሉ ለእናቷ መናገር ትችላለች በያት። ሳሚያት፣ ደግመሽ ሳሚያት።

እየፈራሁ እመጣለሁ። ጠብቁኝ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከትምህርት ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ
ማክሰኞ፣ ግንቦት 18 ቀን